የጎረቤት ልጅ

ሬሕማ ልጅ የላትም። ካርቱም ቡሪ ሰፈር የሚያውቋት ሁሉ የሚያውቁት ይህንኑ ነው። አሠሪዋ ሲት ሁስናም፣ የሲት ሁስና ባልም፣ አትክልት የሚያጠጣው ሽማግሌም፣ ጥጉ ላይ ያለው ባለሱቅም፣ "መስኪን ሬሕማ፣ አላህ ልጅ አልሰጣትም" እያሉ ያዝኑላት ነበር። እሷም አንገቷን ደፍታ ሐዘናቸውን ትቀበላለች። ራሷ በምትኖርበት በካላክላ ግን፣ ከአንድ የቆርቆሮ በር ኋላ፣ ረሺዳ የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ ነበረቻት።

"ይች ደግሞ ምኗ እናት ነው?" እንዳላችሁ ገብቶኛል። ቆዩኝማ። ለመፍረድ ኢቃማ አያስፈልግም፤ የመኖሪያ ወረቀት ያለውም የሌለውም ይፈርዳል። ካርቱም ላይ ሠርቶ ለመብላት ግን ብዙ ነገር ይጠየቃል፤ ለሴት ልጅ አንዱ ልጅ አልባ መሆን ነው።

ባሏ ኢሳ፣ ልጅቷ ገና ዳዴ ስትል "ሊቢያ ገብቼ ልላክላችሁ" ብሎ ወጣ፤ እንደወጣም ቀረ። ሬሕማ ልጇን አዝላ ሱቅ ዐረቢ ገበያ ሄደች፤ ሴቶችን ከሰው ቤት ሥራ ጋር የሚያገናኝ አንድ ሰምሳር ነበር። ደላላው የታዘለችውን አየና ከንፈሩን መጠጠ።

"እህቴ፣ በልጅ የሚቀጥር መዳም የለም። ከጠየቁሽ የለኝም በይ። አንዲት ቃል ናት፤ ምን ትጎዳሻለች?"

ሬሕማ ሕፃኗን ለጎረቤቷ ለእትዬ ወይንሸት ትታ ቡሪ ሄደች። ሲት ሁስና "ልጅ አለሽ?" ብላ ጠየቀቻት። "የለኝም" አለች። ካፍ ከወጣ አፋፍ የሚሉት ይሄንን ነው። አንድ ወር ልሥራና እነግራታለሁ ብላ ነበር በልቧ። ወሩ ዓመት ወለደ፣ ዓመቱም አምስት ሆነ። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ በቆየ ቁጥር መናገሩ ይብሳል እንጂ አይቀልም።

ረሺዳ ሦስት ዓመት ሞላት፤ አልተናገረችም። ስሟን ሲጠሯት አትዞርም። ሰው ሲነካት ትጮኻለች። የለስላሳ ቆርኪ ሰብስባ በመስመር መደርደር ብቻ ነው ሥራዋ፤ አንዱን ያፈናቀለባት እንደሆነ ሰፈሩ አይበቃትም። ሬሕማ ሼኽ ዘንድ ወስዳ ቁርኣን አስቀራችባት፣ የተቀራበትን ውሃም አጠጣቻት፤ ለውጥ የለም። ለማንም አልነገረችም እንጂ ምክንያቱን እሷ የምታውቀው መስሏታል። እኔ በአፌ ካድኳት፣ አላህም አፏን ዘጋብኝ ትል ነበር። ስትሰግድ ግንባሯን መሬት ላይ አቆይታ የምትለምነው ይህንኑ ነበር፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ቅጣቱን ከሷ አንሳ።

እትዬ ወይንሸት የጎጃም ሴት ናቸው፤ ካላክላ ገበያ ሻይ ይሸጣሉ። ረሺዳ መኪና ስታይ እየሮጠች ስላስቸገረቻቸው ወገቧን በነጠላ አስረው ከአግዳሚው እግር ጋር ያያይዟታል። ሬሕማ አንድ ቀን ድንገት ቀድማ ተመልሳ ይህን አየች። ልጄን ለምን አሰሩብኝ ለማለት መጀመሪያ ልጄ ማለት ያስፈልጋል፤ እሷ ደግሞ ግማሹን ካርቱም "ልጅ የለኝም" ብላ ጨርሳለች። ነጠላውን ፈታች፣ ልጅቷን ታቅፋ ገባች።

ጊዜው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አራት ግድም ነው። የሲት ሁስና ልጅ ሂሻም ስድስት ዓመቱን ሲይዝ ወላጆቹ ካይሮ ድረስ ወስደው አስመረመሩትና አንድ ቃል ይዘው ተመለሱ፤ ተወሑድ፣ ፈረንጆቹ ኦቲዝም የሚሉት። ልጁ እብድ አይደለም፣ ጂንም አልያዘውም፤ አእምሮው የተሠራበት መንገድ ሌላ ስለሆነ ሰው ዝም ብሎ የሚያውቀውን ነገር እሱ እየተማረ ነው የሚይዘው ተባለ። ካርቱም ውስጥ እንዲህ ያሉ ልጆችን ከሰው ጋር መኖር የሚያስተምር ትንሽ መርከዝ ተገኘለት። ሲት ሁስና ፋርማሲዋን ጥላ መሄድ አትችልም፤ ስለዚህ በሳምንት ሦስት ቀን ሂሻምን የምታመላልሰው ሬሕማ ሆነች።

መጀመሪያ ቀን ክፍሉ ውስጥ ስትገባ የሂሻምን እጅ እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች። ስምንት ልጆች ነበሩ። አንዱ ጆሮውን ይዟል፣ አንዱ ይሽከረከራል፣ አንዷ ደግሞ እርሳሶቹን በመስመር ትደረድራለች። ሬሕማ ስምንት ቦታ ረሺዳን አየች። የዚያን ዕለት ቡሪ ተመልሳ ሽንኩርት እየከተፈች አለቀሰች፤ ሽንኩርት ደግ ነው፣ ማንም ለምን አለቀስሽ አይልም። ያለቀሰችው ግማሹ ደስታ ነበር፤ ልጄ የተረገመች አይደለችም ብላ። ግማሹ ደግሞ እፍረት ነው። የሰው ልጅ እጅ ይዛ እዚህ ስታመላልስ የራሷ ልጅ አግዳሚ ላይ ታስራ ትውላለች።

አስተማሪው ኡስታዝ ሳሊህ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ሬሕማን አጠገቡ ያስቀምጣታል፤ "ቤት ውስጥ የምታለማምጂው አንቺ ነሽ" እያለ። ሰላምታን እንደ ዳቦ አራት ቦታ ቆርሶ ነው የሚያስተምረው። መጀመሪያ ፊት ማየት። ቀጥሎ እጅ መዘርጋት። ከዚያ ስም መናገር። መጨረሻው ለሴቶቹ "ቢት ሚኑ?"፣ ለወንዶቹ "ወድ ሚኑ?" ሲባል መመለስ ነው፤ የማን ልጅ ነሽ፣ የማን ልጅ ነህ ማለት ነው። "ልጅ ገበያ መሃል ቢጠፋ የአገር ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ይህንን ነው። ሌላውን ሁሉ ቢረሱ ይህንን አይርሱ" ይላል።

ብስኩት ላይ ግን ኃይለኛ ነው። "ብስኩቱ የሚሰጠው መልሱ ከአፍ እንደወጣ ነው። ልጁ ልቡ ውስጥ የሚያስቀረው ከብስኩቱ በፊት የሰማውን ነው። ስላለቀሰ አትስጡት፣ ስላሳዘናችሁም አትስጡት። እጃችሁን ጠብቁ።"

ሬሕማ እጇን ጠበቀች። ዓርብ የዕረፍት ቀኗ ነበር። ዓርብ ዓርብ በሯን ዘግታ ከብስኩት ካርቶን ሥዕል እየቆረጠች፣ መርከዝ ያየችውን ሁሉ ለረሺዳ ታስተምር ጀመር። የተማረችው በዐረብኛ ስለነበር ያስተማረችውም በዐረብኛ ነው። ፊት ማየት ብቻ አራት ወር ፈጀ። እጅ መዘርጋት ሁለት ወር። "ኢስሚ ረሺዳ" ያለች ቀን ሬሕማ ወጥታ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። "ቢት ሚኑ?" ግን አልገፋ አለ፤ ልጅቷ ጥያቄውን መልሳ ትጠይቃለች። "ቢት ሚኑ?" "ቢት ሚኑ።" ስንት ዓርብ በዚህ አለፈ መሰላችሁ።

ከዓመት በኋላ አንድ ዓርብ እትዬ ወይንሸት በር ላይ ቆመው፣ በዚያ በተሰባበረ ዐረብኛቸው እንደልማዳቸው ጠየቁ።

"እስቲ ረሺዳ፣ ቢት ሚኑ?"

ልጅቷ ዓይናቸውን አየች። እጇን ዘረጋች። "ቢት ሬሕማ" አለች።

እትዬ ወይንሸት አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ሬሕማ ወዲያው ብስኩቱን ሰጠቻት። ሰው ሁሉ ሳይማር የሚያውቀውን፣ የማን ልጅ እንደሆነች፣ ልጇ በሰባት ዓመቷ ተማረች። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላት። ሳምንቱን ሙሉ ቡሪ ሥራ ላይ ሆና ለብቻዋ ፈገግ ትል ነበር፤ ሲት ሁስና እንኳ "ምን አግኝተሻል?" ብላ ጠየቀቻት።

ኡስታዝ ሳሊህ ክፍል ውስጥ የተማሩትን ውጭ አውጥታችሁ ካላለማመዳችሁ አይጠቅምም ይል ነበር። ለዐረፋ ጫማ ልግዛላትም ብላ፣ ሬሕማ በተከታዩ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ልጇን ይዛ ሱቅ ዐረቢ ወረደች። ረሺዳ ጆሮዋን ያዘች እንጂ አልጮኸችም። እናቷ የተከናነበችውን ቶብ ጫፍ ይዛ ተከተለች። ቦርሳው ውስጥ ብስኩት አለ። ሬሕማ በሕይወቷ እንደዚያን ቀን ኩሩ ሆና ገበያ ገብታ አታውቅም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ጫማ ተራው ጋ አንድ ልጅ ከሰው መሃል ተስፈንጥሮ ወገቧ ላይ ተጠመጠመ። ሂሻም ነው። ከኋላው ሲት ሁስና እያለከለከች ደረሰች።

"አልሐምዱሊላህ፣ አንቺ ነሽ? እጄን አስለቅቆ ሲሮጥ ነፍሴ ወጣች።" ትከሻዋን መታ አድርጋ እጇን ጨበጠቻት፤ ደህና ነሽ፣ ኢንሻላህ ሁሉ ደህና ነው ተባባሉ። ከዚያ ሲት ሁስና ዓይኗ ወደ ታች ሄደ። የሬሕማን ቶብ ጫፍ የያዘች፣ እንደ ሬሕማ ሰፊ ግንባር ያላት ልጅ ቆማለች።

ሲት ሁስና ጎንበስ አለችላት። የሂሻም እናት ናት፤ ከልጅ ጋር እንዴት እንደሚነጋገሩ ታውቅበታለች። "ማሻላህ። ስምሽ ማነው?"

ረሺዳ ዓይኗን አየች። በዚያ ሁሉ ጩኸት፣ በዚያ ሁሉ የረዳት ጥሪና የመኪና ጡሩንባ መሃል፣ በማታውቃት ሴት ፊት እጇን ዘረጋች። "ኢስሚ ረሺዳ።"

"ኢንቲ ቢት ሚኑ?"

"ቢት ሬሕማ።"

አራቱንም። አንድም ሳታጎድል። ኡስታዝ ሳሊህ ቢያይ ኖሮ ያጨበጭብ ነበር። እናቷ ግን ሳቀች። ከየት የመጣ ሳቅ እንደሆነ እስከ ዛሬ አታውቀውም።

"ላ፣ ላ፣ ሲት ሁስና። ቢት ጂራን ናት፤ የጎረቤት ልጅ። ያሳደጋትን ሁሉ እናቴ ትላለች።"

ረሺዳ ቀና ብላ እናቷን አየች። ከንፈሯ "ቢት" ለማለት እንደገና ተከፈተ። ሬሕማ እጇን ቦርሳው ውስጥ ከተተች፤ ብስኩት አወጣችና በችኮላ እጇ ላይ አስቀመጠችላት። አፏን ለመዝጋት ነው። ሌላ ምንም አይደለም፣ አፏን ለመዝጋት ነው። ልጅቷ ብስኩቱን አየችው፣ እናቷን አየቻት፣ በላች።

"ሰላምታዋ የሂሻምን ሰላምታ ይመስላል" አለች ሲት ሁስና፣ እያሰበች።

"ልጆች ያዩትን ይይዛሉ።"

"አላህ ለእናቷ ይጠብቃት" አለች ሲት ሁስና፤ የረሺዳን ጉንጭ ልትነካ ብላ፣ እንዲህ ያለ ልጅ መነካት እንደማይወድ ታውቃለችና እጇን መለሰች።

"አሚን" አለች ሬሕማ። እንደ ባዳ፣ ለሌላ ሰው ልጅ እንደሚባለው፣ አሚን አለች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። መሬት ግን እንዲህ ያለውን ሰው ተሸክማ መኖር ለምዳለች።

ጫማውን ሳትገዛ ተመለሰች። ሀፍላው፣ አውቶቡሱ ውስጥ፣ ልጅቷን ጭኗ ላይ አስቀምጣ መስኮት መስኮቱን አየች። ምንም አልገባትም፣ ትረሳዋለች፣ እያለች ራሷን ታባብላለች። ካላክላ ሲደርሱ እትዬ ወይንሸት የሻይ ዕቃቸውን እያጠቡ ነበር።

"እህ፣ ገበያው እንዴት ነበር? ረሺዳዬ፣ ቢት ሚኑ?"

ረሺዳ ፊታቸውን አየች። እጇን ዘረጋች። "ቢት ጂራን" አለች። መዳፏንም ለብስኩቱ ገልብጣ ያዘች።

እትዬ ወይንሸት ሊስቁ ነበር፤ የሬሕማን ፊት ሲያዩ ተዉት። ሬሕማ እዚያው መሬት ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረቻቸው። ይሰድቡኛል ብላ ጠብቃ ነበር፤ ቢሰድቧት ይቀላት ነበር። እሳቸው ግን ብርጭቆውን አለቅልቀው ደፉና፦

"ጎረቤቷ እኔ ነኝ። እንግዲህ ለኔ ሰጠሻት ማለት ነው?" አሏት።

ሳምንቱን ሙሉ ሬሕማ ከሥራ እየሮጠች ተመልሳ ልጇን ጠየቀች። ቢት ሚኑ? ቢት ጂራን። ላ፣ ቢት ሬሕማ። ቢት ጂራን። ዓመት ሙሉ ቀስ ብሎ የተተከለውን አንድ ቀን ነቀለው። ምክንያቱም አልጠፋትም። ያን መልስ ልጅቷ ያገኘችው በትልቅ ገበያ፣ በባዕድ ሰው ፊት፣ ከእናቷ ከራሷ አፍ ነው፤ ብስኩቱም ወዲያው፣ በመልሱ ላይ ተሰጥቷል። ኡስታዝ ሳሊህ እንዳለው ሳይዛነፍ አስተምራታለች።

ረቡዕ መርከዝ ሄዳ ልጆቹ ሲወጡ ጠብቃ ጠየቀችው። "ኡስታዝ፣ አንዲት ጎረቤት አለችኝ። ልጇ የተሳሳተ መልስ ይዛ..." ምክር ስትጠይቅ እንኳ ልጇን የጎረቤት አደረገቻት። ሁለተኛ መሆኑ ነው።

እሱ አላስተዋለም። "የት ነው የተማረችው? በማን ፊት?" አላት። "በዚያው ሰው ፊት ይታረም። ቤት ውስጥ ብቻ ብትለፋ ጎረቤትሽ ጊዜዋን ነው የምትጨርሰው።"

ሐሙስና ዓርብ አልተኛችም። ቡሪን ካጣች የምትከፍለው ኪራይ የለም፣ የምትቀጠርበት ሌላ ቤትም ቶሎ አይገኝም፤ አምስት ዓመት የዋሸች ሠራተኛ ማን ያስጠጋታል? ይህ ሁሉ እውነት ነው። ልጇ ግን ሱቅ ዐረቢ መሃል ብትጠፋና አንድ ደግ ሰው ቢት ሚኑ ቢላት፣ የምትመልሰው መልስ ወደማንም አያደርሳትም። ይሄም እውነት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ረሺዳን አጥባ፣ አበጥራ፣ ቡሪ ወሰደቻት። ሲት ሁስና በረንዳው ላይ ሂሻምን ቁርስ እያበላች ነበር። ሽማግሌው አትክልት ያጠጣል።

"ሲት ሁስና፣ እባክሽ ጠይቂያት። ያን ቀን የጠየቅሻትን።"

ሲት ሁስና ግራ ገባት፤ ግን ጠየቀች። "ኢንቲ ቢት ሚኑ?"

"ቢት ጂራን" አለች ረሺዳ፣ መዳፏንም ዘረጋች።

"ላ" አለች ሬሕማ። "ዲ ቢቲ። ልጄ ናት። ከሆዴ የወጣች። የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ እሷ እውነቷን ነበር።" ውሃው ሲፈስ ይሰማል፤ ሽማግሌው ቱቦውን እንደያዘ ዞሯል። "ያኔ የለኝም አልኩሽ፣ ገበያም ላይ በፊትሽ ካድኳት። እሷን ደግሞ እንዲህ አስተማርኳት።"

ሲት ሁስና ማንኪያውን አስቀመጠች። "አምስት ዓመት" አለች። "ልጄ ክንድሽ ላይ ሲተኛ አምስት ዓመት። ምን ዓይነት ሰው መስዬሽ ነው?"

"አለችኝ ብልሽ ትቀጥሪኝ ነበር?"

"አላውቅም" አለች ሲት ሁስና። እንግዳ ሲመጣ ሂሻምን ወደ ጓዳ የምታስወስደው ራሷ እንደነበረች ሬሕማ ታውቃለች፤ ግን አላነሳችባትም። የራሷ ይበቃታል።

ሲት ሁስና ረሺዳን ትክ ብላ አየቻት፤ የተዘረጋውን መዳፍ፣ መዳፏ ላይ እንጂ ሰው ላይ የማያርፈውን ዓይን። የምታየውን ታውቀዋለች። ሁለት ጊዜ ደግማ ጠየቀቻት፤ ሁለቱንም ጊዜ "ቢት ጂራን" ነው። ሬሕማም ሁለቱንም ጊዜ፣ ሽማግሌው እየሰማ፣ "ቢቲ" አለች። ከዚያ ሲት ሁስና ተነስታ ቤት ገባች። ጨርቄን አውጥታ ልታባርረኝ ነው አለች ሬሕማ በልቧ፤ የልጇን እጅ ያዘች።

ስትመለስ የያዘችው አንድ ብስኩት ነው። ፊቷ አልተፈታም። ከረሺዳ ፊት ሳይሆን ከሬሕማ ፊት ቆመች።

"ኢንቲ ኡም ሚኑ?" አለቻት። የማን እናት ነሽ?

ሬሕማ መሬት መሬቱን እያየች የልጇን ስም አጉተመተመች።

"አልሰማሁም።"

"ኡም ረሺዳ" አለች ሬሕማ።

ሲት ሁስና ብስኩቱን ሰጠቻት። "ብዪ። አሁኑኑ፣ እያየችሽ። ስለ ሥራው በኋላ እንነጋገራለን።"

ሬሕማ በላች። እዚያ ቤት አምስት ዓመት ስትበላ እንደዚያ ብስኩት ያነቃት ነገር የለም። እንባው፣ ንፍጡ፣ ፍርፋሪው አንድ ላይ ሆነ። የሠላሳ ዓመት ሴት፣ በአሠሪዋና በአትክልተኛው ፊት፣ የልጄ እናት ነኝ ስላለች ብስኩት ተሸልማ ታኝካለች። ረሺዳ ቀና ብላ የእናቷን አፍ ስታኝክ፣ ስትውጥ አየች፤ የሲት ሁስናን ባዶ እጅ አየች፤ ተመልሳ እናቷን አየች።

ሲት ሁስና ጎንበስ አለች። "ቢት ሚኑ?"

ልጅቷ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፣ ቆመች፣ መዳፏን ወደ ቀሚሷ መለሰች። ዝም አለች። ሂሻም ሳይቀር መብላቱን አቁሟል። ሬሕማ የምትጠብቀውን መልስ አላገኘችም። ጎረቤት ግን አላለችም።